«ደህና ነኝ» ብሎ የወጣ ወታደር፦ ስለ ቪኤ ይግባኝ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአሜሪካ ጦር ውስጥ ላገለገልን ኢትዮጵያውያን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጽሑፉ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ቪኤ የምንለው፣ በአገልግሎት ምክንያት ለመጣ ሕመም የሚሰጠውን ፐርሰንት፣ ማለትም የወር ካሳውን ልክ የሚወስነውን የጉዳት መጠን፣ በይግባኝ መሞገት እንደማይገባ ይመክራል። የሚያቀርባቸው ምክንያቶች ስድስት ናቸው፦ ይግባኝ ማለት ላስጠለለችን አገር ውለታ ቢስ መሆን ነው፤ ፐርሰንቱን ሐኪም ለክቶ ስለወሰነው ክርክር አያነሳም፤ ፋይሉን የነካካ ሰው በእጁ ያለውንም ያጣል፤ በአገልግሎት ዘመን ያልተመዘገበ ሕመም አሁን ሊነሳ አይችልም፤ ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ሰው አይሞክረው፤ የግድ ከሆነም ጥቂት ዓመታት ታግሶ ማየት ይሻላል።

ጸሐፊው ራሳቸው ያገለገሉና ምክራቸውንም በቅንነት የሰጡ ሰው መሆናቸውን ከአጻጻፋቸው መረዳት ይቻላል። በምርመራ ላይ ሕመምን አጋንኖ መናገር ነውርም ወንጀልም ነው ያሉትን ያለ ምንም ቅሬታ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ የቀሩት ነጥቦች አንዳንዶቹ ከሕጉ ጋር የማይገጥሙ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ግማሽ እውነት የያዙ በመሆናቸው፣ ያነበባቸው ሰው መብቱን ሳያውቅ እንዳያጣ ብዬ ይህን ምላሽ ጽፌአለሁ። እኔ ጠበቃም ሆንኩ ፈቃድ ያለው ወኪል አይደለሁም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር የቀድሞ ወታደር ስሆን፣ ወገኖቼን ወደ ምርመራ በመሸኘት፣ የውሳኔ ደብዳቤያቸውን አብሬ በማንበብና ፈቃድ ወዳላቸው ወኪሎች በማድረስ የምችለውን አግዛለሁ። በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከውለታው ልጀምር። ጸሐፊው፣ አገርና ዜግነት ከሰጠን መንግሥት ጋር በፐርሰንት መነታረክ እንደሚያሳፍር፣ እጅና እግራቸውን ያጡትን ሰዎች ድርሻ መሻማትም እንደሆነ ይናገራሉ። በተለይ በ2008 በተጀመረውና አማርኛ ከተፈላጊ ቋንቋዎቹ አንዱ በነበረው ማቭኒ በተባለው፣ ተፈላጊ ሙያ ወይም ቋንቋ ያላቸውን የውጭ ዜጎች ወደ ጦሩ ይቀበል በነበረው ፕሮግራም ገብተው በጥቂት ወራት ውስጥ ዜግነት ላገኙት ወገኖቻችን ይህ አነጋገር ልብ የሚነካ እንደሚሆን አውቃለሁ። ነገር ግን ካሳው ስጦታ ሆኖ አያውቅም። የፌዴራሉ ሕግ እንደሚደነግገው የፐርሰንቱ ሠንጠረዥ የተሠራው ጉዳቱ የአንድን ሰው ሠርቶ የማግኘት አቅም በአማካይ ምን ያህል እንደሚቀንስ በመገመት ነው፤ ስለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ወታደሩ በጤናው ላይ ለከፈለው የሚመለስለት ነው። አንዱ ብዙ ሲቆርስ ለሌላው የሚያንስ ድፎ ዳቦም አይደለም፤ መብቱ ለተረጋገጠለት ሁሉ በሕግ ግዴታ የሚከፈል በመሆኑ የአንዱ ወታደር ፐርሰንት ከፍ ማለት የሌላውን ወታደር አንድ ሳንቲም አይቀንስበትም። ይግባኙም ቢሆን ሕጉ ራሱ ያዘጋጀው በር ነው። እስከ 1988 ድረስ የቪኤን ውሳኔ ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ አይቻልም ነበር፤ በቬትናም የተዋጉ ወታደሮች ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ ነው ኮንግረሱ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል የይግባኝ ፍርድ ቤት ያቋቋመው። እነዚያ ሰዎች አገራቸውን የሚወዱ ነበሩ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ጊዜ ወስጄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ ወገኖቻችንን የሚጎዳው ይህ አስተሳሰብ ነው። ጸሐፊው «ሐኪሙ በመሣሪያ ለክቷል፤ ልኬት ደግሞ አይከራከሩበትም» ይላሉ። በመጀመሪያ ደረጃ ፐርሰንቱን የሚወስነው ሐኪሙ አይደለም። ሐኪሙ ለካሳ ተብሎ በሚደረገው ምርመራ ላይ የታየውንና የተነገረውን በተዘጋጀ መጠይቅ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ በቪኤ ቢሮ የተቀመጠ ባለሙያ መጠይቁን ከቀረው ፋይል ጋር አንብቦ ከሠንጠረዡ ጋር ያስተያያል። ይህ ባለሙያ ወታደሩን በዓይኑ አያየውም። ፋይሉ ውስጥ ያልገባ ሕመም ለእርሱ የለም።

አንድ ወንድሜን ወደዚህ ምርመራ የወሰድኩበትን ቀን አልረሳውም። ሰውዬው በአፍጋኒስታን፣ በካንዳሃር የጭነት መኪና ሲነዳ ወገቡ የተጎዳ፣ ዛሬ ደግሞ ታክሲ እየነዳ ልጆች የሚያሳድግ ነው። ሐኪሟ ገና በር ላይ «ዛሬ እንዴት ነህ?» አለችው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ሕመሙ ከአሥር ስንት እንደሆነ ስትጠይቀው «ሦስት» አለ። ሲነሳበት ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ስትጠይቀው «አልፎ አልፎ ነው» ብሎ ፈገግ አለ። ጎንበስ ሲል በማዕዘን መለኪያው 75 ዲግሪ ተመዘገበ። ወደ መኪናው ስንመለስ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ባለቤቱ ምን እንደተባባሉ ከሰማች በኋላ «ትናንት ማታ ካልሲህን ያወለቀልህ ማን ነው?» አለችው። መልስ አልሰጣትም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ ተመለከተ።

ከሐኪሟ በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም፤ የሰማችውንና የለካችውን ጻፈች። በሠንጠረዡ መሠረት ወገቡ ወደ ፊት የሚታጠፈው ከ60 በላይ እስከ 85 ዲግሪ ድረስ ከሆነ 10 ፐርሰንት፣ ከ30 በላይ እስከ 60 ከሆነ ደግሞ 20 ፐርሰንት ነው፤ ስለዚህ 10 ተሰጠው። እኛ ባደግንበት ቤት ሕመምን ለባዕድ ሰው መዘርዘር ማማረር ነው፣ ወንድ ልጅ ደግሞ አያማርርም፤ «እንዴት ነህ» ለሚለው ጥያቄም የተሰጠን አንድ መልስ ብቻ ነው። ያ መልስ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ፋይል ውስጥ ሲገባ ግን ጨዋነቱ ይቀርና የሕክምና ማስረጃ ይሆናል።

ታዲያ ሕጉ ሰውየውን እዚያው ይተወዋል ወይ? አይተወውም። ፍርድ ቤቶቹ በ1995 እና በ2017 በሰጧቸው ውሳኔዎች መርማሪው በዕለቱ ያየውን ማዕዘን ብቻ መዝግቦ ማለፍ እንደሌለበት፣ ሕመሙ በሚነሳበት ጊዜና ከተደጋጋሚ እንቅስቃሴ በኋላ ምን ያህል አቅም እንደሚጠፋ ወታደሩን ጠይቆ፣ በዓይኑ ባያየውም እንኳ ካለው መረጃ በመነሳት መገመት እንደሚገባው ደንግገዋል። በተጨማሪም ከወገብ ተነስቶ ወደ እግር የሚወርድ የነርቭ ሕመም ካለ ራሱን ችሎ ሌላ ፐርሰንት ይሰጠዋል። ወንድማችን ግራ እግሩ እንደሚደነዝዝ አንድም ቀን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ታክሲ የሚያቆመውም ለዚህ ነበር፤ መኪናውን ዳር አስይዞ ወርዶ ይንጎራደዳል።

በወኪሉ ምክር ተጨማሪ ማስረጃ ያለው አቤቱታ አቀረበ። አዲስ የተነሳው ኤም አር አይ ዲስኩ ነርቭ ላይ እንደተጫነ አሳየ። ሕመሙ የተነሳባቸውንና ሥራ ያስቀሩትን ቀናት በደብተር መዝግቦ አያያዘ። ባለቤቱ ደግሞ በአማርኛ የነገረችኝን እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ መልሼ አነበብኩላትና ፈረመች። ደብዳቤው ረጅም አልነበረም። ሕመሙ ሲነሳ አልጋ ስለማይችል መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ እንደሚያድር፣ ጫማና ካልሲውን እርሷ እንደምታደርግለት፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ መቋሚያውን ተደግፎም ቢሆን እስከ ወንጌል መድረስ አቅቶት ወጥቶ ደጀ ሰላም እንደሚቀመጥ ይናገራል። በሁለተኛው ምርመራ ሰውየው የተጠየቀውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መለሰ። ሕመሙ ሲነሳ ወገቡ ከ55 ዲግሪ በላይ እንደማይታጠፍ ተገመተ፤ ለወገቡ 20፣ ለእግሩ 10 ፐርሰንት ተወሰነ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው እግረ መንገዳቸውን ያነሱትን የሒሳብ ጉዳይ ልመልስ። ሁለት ፐርሰንቶች እንደማይደመሩና ይህም የተንኮል ምልክት እንደሆነ ጽፈዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 20 ፐርሰንት የተጎዳ ሰው 80 ፐርሰንት ጤና ቀርቶታል ተብሎ ይታሰባል፤ ቀጣዩ 10 ፐርሰንት ከዚያ ከ80ው ላይ ስለሚሰላ 8 ይሆናል፤ ድምሩ 28 ሲሆን ወደሚቀርበው አሥር ተጠጋግቶ 30 ይሆናል። በዚሁ ስሌት 50 እና 30 ተጣምረው 65 ይሆኑና ወደ 70 ከፍ ይላሉ። የማይወደድ ስሌት ሊሆን ይችላል፤ የታተመ ሠንጠረዥ ስላለው ግን ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያረጋግጠው ይችላል። ከ10 ወደ 30 መድረስ ምን ማለት እንደሆነም ልብ ይባል፦ በ2025 ተመን የ10 ፐርሰንት የወር ክፍያ 175.51 ዶላር ሲሆን፣ ቤተሰብ ለሌለው ባለ 30 ፐርሰንት 537.42 ዶላር ነበር፤ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ተጨማሪ ይታሰባል፤ ግብርም አይቆረጥበትም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ «የነካካ ያጣል» የሚለው፣ ግማሽ እውነት ያለበት ስለሆነ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። አዎን፣ ይጨመርልኝ ያለ ሰው እንደገና ሊመረመር ይችላል፤ ምርመራው መሻሻል ካሳየም ቪኤ ፐርሰንቱን ለመቀነስ ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል። ጽሑፉ የዘለለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የሚከፈለውን ገንዘብ የሚቀንስ ሐሳብ ሲቀርብ ወታደሩ አስቀድሞ በደብዳቤ ይነገረዋል፤ ማስረጃ ለማቅረብ 60 ቀን፣ ቃሉ እንዲሰማለት ለመጠየቅ 30 ቀን አለው። 5 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ፐርሰንት በአንድ ቀን ምርመራ ብቻ አይቀነስም፤ መሻሻሉ ዘላቂ መሆኑ፣ በምርመራው ክፍል ብቻ ሳይሆን በዕለት ተዕለት ኑሮም የሚታይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። 10 ዓመት የሞላው ሕመም ከአገልግሎቱ ጋር ያለው ትስስር ማጭበርበር ካልተገኘበትና ወታደራዊ መዝገቡ ለዚህ የሚያበቃ አገልግሎት እንዳልነበረው በግልጽ ካላሳየ በስተቀር አይቆረጥም፤ 20 ዓመት የቆየ ፐርሰንትም እንዲሁ ካልተጭበረበረ በስተቀር ከነበረበት አይወርድም።

ከዚህም በላይ ጸሐፊው ይግባኝን አንድ መንገድ ብቻ አስመስለው አቅርበውታል። በ2017 ወጥቶ ከየካቲት 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ሦስት መንገድ ከፍቷል። አንደኛው ከላይ ያየነው፣ አዲስና አግባብነት ያለው ማስረጃ ይዞ መቅረብ ነው። ሁለተኛው ምንም ማስረጃ ሳይጨመር ከፍ ያለ ልምድ ያለው ሌላ ባለሙያ ፋይሉን እንደ አዲስ እንዲያየው መጠየቅ ሲሆን፣ ስህተቱን በስልክ ለማስረዳትም ይቻላል። ይህኛው ባለሙያ በአስተያየት ስለተለየ ብቻ ለወታደሩ የሚጎዳ ለውጥ ማድረግ አይችልም፤ ግልጽና የማያከራክር ስህተት ማግኘት ይኖርበታል። ሦስተኛው ዋሽንግተን ወደሚገኘው የይግባኝ ቦርድ መሄድ ነው፤ ጉዳዩን የሚያየው ዳኛ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። ሐኪሙ የጻፈው ትክክል ሆኖ ሠንጠረዡ በተሳሳተ መንገድ ከተነበበበት ሰው ሁለተኛው ይበቃዋል፤ ፋይሉ የሳሳበት ሰው ግን የመጀመሪያውን ቢይዝ ይሻለዋል። የወንድማችን ጉዳይ በሁለተኛው መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ያው ቀጭን ፋይል እንደገና ተነብቦ ያው 10 ፐርሰንት ይመለስለት ነበር።

አራተኛው፣ በአገልግሎት ዘመን ሐኪም ቤት ያልሄደ ሰው አሁን መናገር አይችልም የሚለው ነው። የፌዴራሉ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2006 በሰጠው ውሳኔ፣ የወታደሩና የቅርቡ ሰዎች የምስክርነት ቃል በጊዜው የተጻፈ የሕክምና መዝገብ ስለሌለው ብቻ ውድቅ ሊደረግ እንደማይገባ ገልጿል። በእርግጥ ቃል ብቻውን ሁሉን አይሸፍንም። በመሠረቱ ሦስት ነገር ይፈለጋል፤ ዛሬ ያለ በሐኪም የታወቀ ሕመም፣ በአገልግሎት ጊዜ የደረሰ ጉዳት ወይም ክስተት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የባለሙያ አስተያየት። አስተያየቱ ግን መቶ በመቶ እርግጠኛ መሆን አይጠበቅበትም፤ የመሆኑ ዕድል ካለመሆኑ ዕድል ቢያንስ እኩል ነው ማለቱ ይበቃል፤ ማስረጃው በሁለቱ ወገን ሲመጣጠን የጥርጣሬው ጥቅም ለወታደሩ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። በነሐሴ 2022 የተፈረመው ፓክት የተባለው ሕግ ደግሞ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ቆሻሻ ከሚቃጠልባቸው ጉድጓዶች ጭስ ጋር ለተያያዙ በርካታ ሕመሞች ይህን የግንኙነት ማስረጃ ከወታደሩ ጫንቃ ላይ አንስቶለታል። ከአገልግሎት በኋላ የተገኘ አስም፣ የማይለቅ የአፍንጫና የሳይነስ ብግነት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ቀደም ሲል በእነዚህ ሕመሞች ጠይቆ የተከለከለ ሰው እንደገና ማመልከት ይችላል። ጽሑፉ ይህን ሕግ በስሙ እንኳ አለማንሳቱ አሳዝኖኛል፤ በዚያ ጭስ ውስጥ ወራት ያሳለፉና ዛሬ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወገኖች በመካከላችን አሉና።

አምስተኛውን፣ የጠበቃ ክፍያውን በተመለከተ አጭር መልስ ይበቃል። የአሜሪካን ሌጅዮን፣ ዲ ኤ ቪ እና ቪ ኤፍ ደብሊው የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ባላቸው ወኪሎቻቸው አማካይነት ያለ ምንም ክፍያ ይረዳሉ፤ አባል መሆንም አያስፈልግም። እዚህ ቨርጂኒያ የክልሉ መንግሥት የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት መሥሪያ ቤትም በነፃ ይሠራል። ጠበቃ የሚያዝ ከሆነ፣ ጠበቃው ክፍያ መጠየቅ የሚችለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ብቻ ነው፤ የተለመደው ክፍያም ሲያሸንፍ ከሚገኘው ውዝፍ ገንዘብ ላይ 20 ፐርሰንት ነው፤ ከሲሶ የበለጠ ክፍያ ተገቢ እንዳልሆነ ይቆጠራል። ጸሐፊው ሊያስጠነቅቁ የሚገባቸው ከሌሎች ነበር። ምንም ፈቃድ ሳይኖራቸው «ፐርሰንትህን እናሳድጋለን» እያሉ፣ የተጨመረውን የወር ክፍያ አምስት ወርና ከዚያ በላይ አባዝተው የሚያስከፍሉ ድርጅቶች አሉ። ሕጉ ይከለክላቸዋል፤ የወንጀል ቅጣቱ ግን በ2006 ስለተነሳ በድፍረት ይሠራሉ። አንድ ሰው ወኪል ነኝ ሲል ስሙን በቪኤ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ መፈለግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ጥቂት ዓመታት ታግሶ ማየት ይሻላል የሚለው፣ በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጠቀሰ ቢሆንም ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው እርሱ ነው። የውሳኔ ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለ። በዚያ ዓመት ውስጥ ከሦስቱ መንገዶች በአንዱ የተንቀሳቀሰ ሰው፣ ክርክሩ ቢራዘምና ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ቢሸጋገር እንኳ በየውሳኔው ዓመት ሳያልፍ እስከቀጠለ ድረስ፣ ሲረታ ክፍያው የሚቆጠርለት ከመጀመሪያው ማመልከቻ ነው። ዓመቱ ካለፈ በኋላ የመጣ ሰው ግን፣ ልዩ ምክንያት ካላገኘ በስተቀር፣ ክፍያው የሚጀምርለት አዲሱን አቤቱታ ካስገባበት ቀን ነው፤ የመካከሉ ዓመታት ገንዘብ ቀርቶ ይቀራል። ወንድማችን ደብዳቤው ከደረሰው በ11ኛው ወር ነበር ወደ ወኪሉ የሄደው። ሁለት ዓመት ታግሶ ቢሆን ኖሮ የእነዚያ ወራት ልዩነት ለልጆቹ አይደርስም ነበር። ከቦርዱ ውሳኔ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ ያለው ጊዜ 120 ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ሌላውን ሐሳባቸውን ባይቀይሩትም ያችን «ታገሱ» የምትለውን ዓረፍተ ነገር አስተካክለው፣ ጽሑፋቸውን ለላኩላቸው ሰዎች ሁሉ እንደገና ቢልኩት። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ያለ፣ አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ወሩ ላይ የደረሰ ሰው ከአንባቢዎቻቸው መካከል አይጠፋም።